የአምባዛ ጫጩቶች የፕሮቲን ፍላጎት

አምባዛ የካፋው ጎጀብ ወንዝ በሚገብርበት የኦሞ ተፋሰስ በተፈጥሮ የሚገኝ፣ በኩሬም የሚረባ ዓሣ ነው። ሥጋም ዕፅም ይበላል። ሆኖም ጫጩቱ ሰውነቱን በፍጥነት ስለሚገነባ ከመኖው ደረቅ ክብደት 40 በመቶ ያህሉ ፕሮቲን እንዲሆን ይመከራል። ገና ከእንቁላል ለወጣው ይህ መጠን ወደ 50 በመቶ ከፍ ይላል፤ ለገበያ የተቃረበው ግን ከ30 እስከ 35 በመቶ ይበቃዋል።

ችግሩ ያለው ከመኖው ምንጭ ላይ ነው። የኑግ ፋጉሎ የፕሮቲን ይዘቱ 30 በመቶ ገደማ፣ የስንዴ ፉርሽካ ደግሞ 15 በመቶ ገደማ ነው፤ ሁለቱ ብቻቸውን ምንም ያህል ቢደባለቁ 40 አይደርሱም። በዚያ ላይ ኑግ ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል። 50 ኪሎ የአኩሪ አተር ፋጉሎ፣ 25 ኪሎ የዓሣ ዱቄትና 25 ኪሎ ፉርሽካ ቢቀላቀሉ ግን ከመቶ ኪሎው 40 ያህሉ ፕሮቲን ይሆናል። ጥሬ አኩሪ አተር ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር ስላለው ሳይቆላ መሰጠት የለበትም።

ከሚገባው በላይ ፕሮቲን መስጠትም ብክነት ነው፤ ትርፉ አሞኒያ ሆኖ ውሃውን ይበክላል። የተራበ ጫጩት በአንጻሩ ታናናሾቹን ይበላል።

የመኖው መጠን በውሃው ሙቀትም ይወሰናል። የካፋዋ ከተማ ቦንጋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኗ ኩሬዋ አምባዛ ከሚስማማው ከ26 እስከ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት በታች ይውላል። ውሃው ሲቀዘቅዝ የዓሣው የመብላት ፍላጎት ስለሚቀንስ የቀኑ መኖ መጠንም መቀነስ አለበት።