መመሪያና መምሪያ

የቤተ መጻሕፍትን ሥራ በአንድ ጥራዝ ሊያደራጅ የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚቸገረው በሽፋኑ ቃል ነው፤ ማኑዋል ይባል ወይስ መመሪያ?

«ማኑዋል» ሥሩ የላቲኑ «ማኑስ»፣ እጅ ነው። ከእጅ የማይለይ መጽሐፍ ለማለት ነበር፤ የኛዎቹ አብዛኞቹ ግን ከመሳቢያ አይወጡም። «ፖሊሲ» ከግሪኩ «ፖሊቴያ» የመጣ፣ የ«ፖሊስ» የሥጋ ዘመድ ነው።

ቁም ነገሩ «መመሪያ» ላይ ነው። ግእዝ «መርሐ» ያለውን አማርኛ ሐን ውጦ «መራ» አለው፤ ሐ የተረፈችው በ«መርሕ»ና በ«መርሐ ግብር» ነው። የደብሩ መሪጌታ፣ የመኪናው መሪ፣ በደብዳቤ ኅዳግ ላይ «ተመርቷል» የሚለው ጽሑፍ ሁሉ ከዚሁ ግስ ናቸው። «መምራት» «መምሪያ»ን፣ «መመራት» ደግሞ «መመሪያ»ን ወለደ። መሪው ያለበት መምሪያ፣ ተመሪው የሚሄድበት መመሪያ መሆኑ ነው። እንግዲህ መመሪያ የሚጻፈው ለኃላፊው ሳይሆን ትናንት ለተቀጠረው የውሰት ክፍል ሠራተኛ ነው። ችግሩ በመንግሥት ቤት ቃሉ ከአዋጅና ከደንብ በታች ያለ የሕግ ሰነድ ስም መሆኑ ነው፤ አወጣጡንም አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ደንግጎታል። ስለዚህ የመንግሥት ቤተ መጻሕፍት ለውስጥ አሠራሩ «ማኑዋል» ቢል አይፈረድበትም።

«ሥነ ሥርዓት» ደግሞ የ«ሥን»ና የ«ሥርዓት» ጥምር ነው። ሥን ውበት ነው፤ ሥርዓት «ሠርዐ» ከሚለው ግስ ይወጣል፤ አሰናዳ፣ ደነገገ ማለት ነው። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቃሉን ለክርክር አካሄድ አውሎታል። ለማኅተም አመታትና ለመደርደሪያ አጠባበቅም የሚያንስ አይደለም።

«ውሰት»ን ከ«ብድር» ጋር ማምታታት ግን ዋጋ ያስከፍላል። ጤፍ የተበደረ ሌላ ጤፍ ይመልሳል፤ ምጣድ የተዋሰ ያንኑ ምጣድ ነው የሚመልሰው። «ዋስ»ም የ«ተዋሰ» ዘመድ ስለሆነ፣ ተዋሹን ዋስ ጥራ ማለት ለቃሉ ባዕድ አይደለም። መጽሐፍ የጠፋበት አንባቢ በምትኩ ሌላ ቅጂ ገዝቶ ሲያመጣ ውሰቱ ወደ ብድር ተለወጠ ማለት ነው፤ ይህን መቀበል አለመቀበል በአንቀጽ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

አዘጋጆች ሆይ፣ ፖሊሲውንና ሥነ ሥርዓቱን በአንድ አንቀጽ አትቀላቅሉ። አንድ አንባቢ ስንት መጽሐፍ ይዋሳል የሚለውን ቦርዱ ያጽድቀው፤ ውሰቱ በምን ቅጽ ይመዝገብ የሚለውን ግን ኮምፒውተሩ በተቀየረ ቁጥር ሠራተኛው ራሱ ያስተካክለው።