መድኃኒትና የልብ ትርታ

የጣና አካባቢ ሽማግሌዎች ዓባይ ከሐይቁ ውኃ ጋር ሳይቀላቀል ሰንጥቆት ያልፋል ይላሉ። ስለ ሐይቁ የሚነገረው ያም ሆነ ይህ፣ ፈሳሾች ሳይቀላቀሉ ጎን ለጎን ሊጓዙ መቻላቸውን ኦዝቦርን ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ1883 በማንቸስተር በመስተዋት ቱቦ አሳይቷል። ውኃው በዝግታ ሲፈስ የተጨመረበት ቀለም እንደ ክር ቀጥ ብሎ ተጓዘ፤ ፍጥነቱ ሲያይል ግን ክሩ ተበታትኖ ከውኃው ጋር ተዋሐደ። ለመሐንዲስ የታወቀው ይህ ነገር ከመቶ ዓመት በኋላ በሐኪሞች ፊት እንደ አደጋ ቀረበ።

በ1950 ካልቪን ክሎፕና ባልደረቦቹ የካንሰር መድኃኒትን በደም ቅዳ በኩል መስጠታቸውን አስታወቁ። ሐሳቡ፣ መድኃኒቱ በመላው አካል ሳይሠራጭ በቀጥታ ወደ ዕጢው እንዲደርስ ነበር። ዘዴው በአንገት ደም ቅዳ በኩል ለአንጎል ዕጢም ዋለ። ሆኖም ከታካሚዎች መካከል ዓይናቸው የጠፋ፣ አንጎላቸውም እዚህና እዚያ የተጎዳ ተገኙ።

ከምክንያቶቹ አንዱ በ1986 ተገለጠ። በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ብላክሎክና ባልደረቦቹ በዝንጀሮዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ ቀስ ተብሎ የሚንቆረቆር ንጥረ ነገር ከደሙ ጋር ሳይዋሐድ በአንድ ጎን እየፈሰሰ ወደ አንዱ ቅርንጫፍ እንደሚያጋድል ታየ። ስለዚህም አንዱ የአንጎል ክፍል ከሌላው እጥፍ ድርብ ይደርሰዋል። ከተመራማሪዎቹ መካከል ዴድሪክና ሉትዝ የተባሉ መሐንዲሶች ነበሩበት።

መፍትሔው ከልብ ትርታ መጣ። በደቂቃ 75 ጊዜ የሚመታ ልብ አንዱን ዙር በ0.8 ሰከንድ ይፈጽማል፤ ከዚህም 0.5 ሰከንድ ያህሉ ልብ የሚላላበት ጊዜ ነው። በዚህ ጊዜ የደሙ ፍጥነት ይቀንሳል። አይንትሆቨን በሃያኛው ምዕት ዓመት መባቻ ሊመዘግበው የቻለው የልብ ኤሌክትሪክ ምልክት ወቅቱን ይጠቁማል፤ ፓምፑም መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ከማንቆርቆር ይልቅ በዚያች ቅጽበት በአጭርና በብርቱ ግፊት ይረጨዋል። ደሙ ሲዘገይ የተረጨው ፈሳሽ ኃይል ስለሚያይል መቀላቀሉ ይበረታል። በ1987 ሹክና ባልደረቦቹ ዘዴው ሥርጭቱን እንደሚያስተካክል አሳዩ፤ በ1991 ደግሞ ሳሪስና ባልደረቦቹ በታካሚዎች ላይ ባደረጉት የምስል ምርመራ ያለመቀላቀሉ ችግር መቀነሱን አረጋገጡ።

ይሁን እንጂ መልካም መቀላቀል ብቻውን ፈውስ አይደለም። በ1992 ሻፒሮና ባልደረቦቹ ያወጡት ሰፊ ንጽጽር፣ ቢሲኤንዩ የተባለውን መድኃኒት በደም ቅዳ የወሰዱት በደም መልስ ከወሰዱት ይልቅ ዕድሜያቸው እንዳልረዘመ፣ የዓይንና የአንጎል ጉዳትም እንደደረሰባቸው አስታወቀ። ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ነው። መጠንን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም መለካት ይገባል፤ የመሣሪያው ሥራ መቃናትም የታካሚው መዳን ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም።