ወለሉ የሚናገርበት ቤት

በግንብ በታጠረችው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ በጀጎል፣ ጠባብ መተላለፊያዎች የሚያልፍ ሰው ከድንጋይ ግንብ በቀር ብዙም አያይም። የከተማው ቤት ጀርባውን ለመንገዱ፣ ፊቱን ለግቢው ሰጥቷል። በሩ ሲከፈት ግን ቀይ ወለል፣ በኖራ የነጣ ግድግዳና በግድግዳው ላይ የተደረደረ ባለብዙ ቀለም ስፌት ይቀበለዋል።

ሐረሪዎች ቤታቸውን «ጌ ጋር» ይሉታል፤ የከተማ ቤት ማለት ነው። ዋናው ክፍል ደግሞ «ጊድር ጋር»፣ ትልቁ ቤት ይባላል። እዚህ ክፍል ውስጥ ወንበር፣ ሶፋም ሆነ አልጋ የለም፤ መቀመጫው ራሱ ወለሉ ነው። ከመሬቱ በተለያየ ከፍታ የተሠሩ «ነደባ» የሚባሉ አምስት መደቦች ምንጣፍና ትራስ ለብሰው ክፍሉን ይሞሉታል። በአሚር ነደባ አባወራው ወይም የከበረ እንግዳ ይቀመጣል። ጊድር ነደባ ሰፊው፣ ጢት ነደባ ትንሹ ነው። ሱትሪ ነደባ ስሙ እንደሚለው ስውር ሲሆን ገብቲ ኤሐር ነደባ ከበሩ ኋላ ይገኛል። ግንበኛው ድንጋይና ጭቃ ሲደለድል የሰዎችንም ቦታ አብሮ ደልድሏል፤ የገባ ሁሉ ማንም ሳይነግረው የት እንደሚቀመጥ ያውቃል። የዛሬ ዲዛይነር በቤት ዕቃ አደራደር የሚደክምበትን ሥራ የሐረር ቤት ገና ሲገነባ ጨርሶታል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዕቃውም እንዲሁ ነው። ቁም ሣጥን በሌለበት ክፍል የመጻሕፍቱና የሳህኖቹ ቦታ በግድግዳው ውፍረት ውስጥ የተተወ ጎድጓዳ መደርደሪያ ነው። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ስፌቶች ሴቶቹ በእጃቸው ሰፍተዋቸዋል፤ ጌጥም የማዕድ ዕቃም ናቸው። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ ምንጣፍ ደግሞ ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ በቤቱ እንዳለች ይነግራል። በጎን ያለችው ትንሽ ክፍል «ኪርታት»፣ ሙሽራ ከሠርጓ በኋላ ከሰው ዓይን ተከልላ የምትቆይባት ናት።

የወለሉ ቅላት ግን ከውበትም በላይ የሚነካ ነገር አለው። ቀለሙ የሚመጣው ከቀይ አፈር ነው። ሐረሪዎች ሲተርኩት፣ በ1879 ዓ.ም. የሐረር ገዢ የነበሩት የአሚር አብዱላሂ ጦር በጨለንቆ በምኒልክ ጦር ሲሸነፍ የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል። የአሚሮቹ ዘመን ያበቃው በዚያ ጦርነት ነው። ሐውልትና አደባባይ የሚሻ ሐዘን እዚህ ሰው ጫማውን አውልቆ በሚገባበት፣ ቡና በሚጠጣበት ክፍል ተቀመጠ።

ከዚያ ሽንፈት በኋላ የሕንድ ነጋዴዎች ወደ ከተማዋ መጡ። የሠሯቸው ቤቶች ባለአንድ ፎቅ፣ በረንዳቸውም መንገዱን ወይም ግቢውን የሚያይ ነበር። ቆየት ብሎ የጌ ጋርንና የሕንዶቹን አሠራር ያዳቀሉ ቤቶች ታዩ። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ከመስጊዶቹና ከቅዱሳን መቃብሮቹ ጋር እነዚህን ቤቶችም ቆጥሯቸዋል፤ የጌ ጋርንም የውስጥ አሠራር ልዩ ብሎታል። ዛሬም በጀጎል ጊድር ጋር የገባ እንግዳ ጫማውን በሩ ላይ ትቶ፣ የሚገባውን ነደባ በዓይኑ ፈልጎ ይቀመጣል።