የምድር ባቡርና የጨርጨር ዳገት

ፊዚክስ የሚባለው ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሲታይ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳ ይመስላል። የጨርጨርን ደጋና የሚኤሶን ቆላ ለሚያውቅ ሰው ግን እንግዳ አይደለም፤ የከተሞቹን አቀማመጥ፣ የገበያውን ጎዳናና የመንገደኛውን ዕድል የወሰነ የታሪካችን ክፍል ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለመግለጽ እንሞክራለን።

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሱ ተወላጅ ለመሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የምድር ባቡር ሥራ ፈቃድ ሰጡ። ሥራውም በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። የመጀመሪያው ሐሳብ ሐዲዱ ሐረር ከተማ እንዲገባ ነበር። ነገር ግን ተራራውን ለመውጣት የሚጠይቀው ወጪ እጅግ ከባድ ሆኖ ስለ ተገኘ መስመሩ ከግርጌው ቀረ፤ በ1895 ዓ.ም. የደረሰበትም ስፍራ ድሬዳዋ የምትባል አዲስ ከተማ ሆነ። ከዚያም ሐዲዱ የጨርጨርን ተራሮች በስተ ደቡብ እየተወ በኤረር፣ በአፍደም፣ በሚኤሶና በአሰቦት በኩል ወደ አዋሽ ወረደ፤ አዲስ አበባም በ1909 ዓ.ም. ገባ።

ባቡር ተራራን የሚፈራው ስለ ምንድን ነው? የብረት መንኮራኩር በብረት ሐዲድ ላይ ሲንከባለል ሰበቃው ጥቂት ነው፤ በደልዳላ ስፍራ አንድ ቶን ለመጎተት የጥቂት ኪሎ ግራም ክብደት የሚያህል ጉልበት ይበቃል። ነገር ግን በ40 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ሲገጥመው የመሬት ስበት በየቶኑ 25 ኪሎ ግራም ወደ ኋላ ይጎትተዋል። 200 ቶን የሚመዝን ባቡር እንግዲህ የ5 ቶን ክብደት ተጨማሪ ጉልበት ይጠየቃል ማለት ነው። ዳገቱም ሲበረታ፣ ያው ለስላሳነቱ የጠቀመው መንኮራኩር ይንሸራተታል እንጂ አይነክስም። በቅሎ የምትወጣውን ባቡር አይወጣውም።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጨርጨር ገዥ ሳሉ አሰበ ተፈሪን፣ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን፣ ቆረቆሩ። እርሳቸው በሩስያ የመድፈኛነት ትምህርት የተማሩ ስለ ነበሩ፣ የእንቅስቃሴና የጉልበት ሕግ ለእርሳቸው የሙያ ነገር ነበር። ከተማይቱ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በደጋው ላይ ስትቀመጥ፣ የባቡሩ ጣቢያ ሚኤሶ ግን ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል።

ይህ የከፍታ ልዩነት በአየሩም ዘንድ ይታወቃል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1648 ፈረንሳዊው ብሌዝ ፓስካል የእኅቱን ባል ባሮሜትር አስይዞ ተራራ በማስወጣት፣ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ አረጋገጠ። በጭሮ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው አምስት እጅ አራቱን ያህል ነው፤ ስለዚህ ውሃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። አንድ መምህር ቴርሞሜትር ይዞ በጭሮና በሚኤሶ ውሃ ቢያፈላ የዲግሪ ተኩል ያህል ልዩነት ያገኛል፤ ተማሪዎቹም የፓስካልን ሙከራ በአገራቸው ተራራ ደገሙት ማለት ነው።

ይኸው ፓስካል በዝግ ዕቃ ውስጥ ያለ ፈሳሽ ሲጫኑት ግፊቱ ሳይቀንስ በየአቅጣጫው እንደሚደርስ አስተማረ። ዛሬ በአንዲት መኪና የሾፌሩ እግር ቀስ ብሎ ሲረግጥ አራቱን ጎማዎች የሚይዘው የዘይት ፍሬን በዚህ ሕግ ይሠራል። ነገር ግን ረጅም ቁልቁለት በፍሬን ብቻ ቢወረድ ፍሬኑ ግሎ ኀይሉን ያጣል፤ ስለዚህ ብልህ ሾፌር ከደጋው ሲወርድ በከባድ ማርሽ ይወርዳል።

ሕጉን መርሳት ምን እንደሚያስከፍል አገራችን በመራራ ኀዘን አይታለች። በጥር ወር 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ በኩርባ ላይ ባለ ድልድይ ከሐዲድ ወጥቶ ገደል ገባ፤ ከ400 በላይ ሰዎችም ሞቱ። ምክንያቱ በኩርባው ፍጥነቱን አለመቀነሱ መሆኑ ተነገረ። ተንቀሳቃሽ ነገር ሁሉ በቀጥታ መሄድ ይወዳልና ሐዲዱ በጉልበት ካላጠመዘዘው አይታጠፍም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የሚያስፈልገው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናል፤ ሐዲዱ ይህን መስጠት ባልቻለ ጊዜ ባቡሩ መንገዱን ይለቃል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአባቶች ቃል ለዚህም ይስማማል።

በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራው አዲሱ የባቡር መስመርም እንደ ቀድሞው በሚኤሶ ያልፋል። መሣሪያው ቢለወጥም የዳገቱ ሕግ አልተለወጠም። ስለዚህ የጭሮ፣ የሂርናና የገለምሶ መምህራን ሕጉን ሲያስተምሩ በመስኮት የሚታየውን ተራራ ቢያሳዩ መልካም ነው። ከተማሪዎቻቸው መካከል ነገ መሪ የሚጨብጥ፣ ድልድይ የሚሠራ፣ የሰው ነፍስም በእጁ የሚሆን አለና።