የአየርና የነዳጅ ምጥጥን

የአየርና የነዳጅ ምጥጥን ወደ ሞተር ሲሊንደር የሚገባው አየር በክብደት ከነዳጁ ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚገልጽ ቁጥር ነው። ለቤንዚን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀሰው 14.7 ለ 1 ነው። 1 ግራም ቤንዚን ሳይተርፍ እንዲቃጠል፣ ኦክስጅንም ሳይተርፍ እንዲያልቅ፣ 14.7 ግራም አየር ያስፈልጋል ማለት ነው። ይህ ግን የኬሚስትሪ ሚዛን እንጂ ሞተሩ ሁልጊዜ የሚፈልገው ቁጥር አይደለም። ተርቦ የተገጠመለት የቤንዚን ሞተር፣ ለዚህ ተብሎ ካልተሠራ በቀር፣ በሙሉ ጉልበት እየሠራ በ14.7 ላይ ቢቆይ ፒስተኑ ሊቀልጥ ይችላል።

ምጥጥኑ የሚሰላው በክብደት መሆኑ መዘንጋት የለበትም። በይዘት ቢታሰብ ለ1 ሊትር ቤንዚን ወደ 9,000 ሊትር የሚጠጋ አየር ያስፈልጋል።

ቁጥሩ ከየት መጣ

ቤንዚንን ለመወከል ብዙ ጊዜ የሚወሰደው ኦክቴን ነው። አንድ የኦክቴን ሞለኪውል 8 የካርቦንና 18 የሃይድሮጅን አቶሞች ሲኖሩት፣ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ለመለወጥ 12.5 የኦክስጅን ሞለኪውሎች ይፈልጋል። በክብደት ሲታይ ለ114 ግራም ኦክቴን 400 ግራም ኦክስጅን ነው። ከአየር ክብደት ውስጥ ኦክስጅን 23.2 በመቶ ገደማ ስለሆነ፣ 400 ግራም ኦክስጅን ለማግኘት 1,724 ግራም አየር ያስፈልጋል። ይህ ለ114 ሲካፈል 15.1 ይሆናል። በማደያ የሚሸጠው ቤንዚን ግን ንጹሕ ኦክቴን ሳይሆን የብዙ ሃይድሮካርቦኖች ድብልቅ ነው። በውስጡ እንደ ቶሉይን ያሉ ሃይድሮጅናቸው አነስተኛ የሆነና 13.5 ብቻ የሚፈልጉ ስላሉ አማካዩ ወደ 14.7 ይወርዳል።

ኢታኖል ኦክስጅንን በራሱ ሞለኪውል ውስጥ ስለሚይዝ 9 ገደማ ይበቃዋል። በኢትዮጵያ ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘውን ኢታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ በአዲስ አበባ የተጀመረው በ2001 ዓ.ም. ሲሆን፣ በመጀመሪያ ድርሻው 5 በመቶ ነበር። ድርሻው 10 በመቶ ሲሆን ሚዛኑ ከ14.7 ወደ 14.1 ይወርዳል። ካርቡራተር ያለው መኪና ይህን የሚያውቅበት መንገድ ስለሌለው፣ ማንም ሳይነካው ድብልቁ በ4 በመቶ ገደማ ነዳጅ ያንሰዋል።

ላምዳ

ላምዳ ትክክለኛው ምጥጥን ለነዳጁ ሚዛን ተካፍሎ የሚገኝ ቁጥር ነው። ላምዳ 1 ሲሆን ድብልቁ ሚዛኑን የጠበቀ ነው፤ ከ1 ሲያንስ ነዳጅ በዝቷል፣ ከ1 ሲበልጥ አየር በዝቷል። ለምሳሌ በቤንዚን 12.5 ማለት ላምዳ 0.85 ነው። በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚገጠሙ መለኪያዎች የሚያውቁት ላምዳን ብቻ ሲሆን፣ «14.7» ብለው የሚያሳዩት በተሞላላቸው ቁጥር አባዝተው ነው። ስለዚህ ለቤንዚን የተሞላ መለኪያ ኢታኖል በሚያቃጥል ሞተር ላይም ላምዳ 1ን 14.7 ብሎ ያሳያል። ጀማሪ ተማሪ ከመነሻው በላምዳ ማሰብን ቢለምድ ብዙ ግራ መጋባት ይቀርለታል።

ተርቦ የሌለው ሞተር

ከፋብሪካ እንደወጣ ያለ መኪና በመደበኛ ጉዞና በሚኒሞ ላምዳ 1ን ይጠብቃል። ምክንያቱ ጉልበትም ቁጠባም ሳይሆን በጭስ ማውጫው ላይ ያለው ጭስ ማጣሪያ ነው። ይህ ማጣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ያልተቃጠለ ነዳጅንና የናይትሮጅን ኦክሳይዶችን በአንድ ላይ ማስወገድ የሚችለው ላምዳ በ1 አካባቢ በጣም ጠባብ ክልል ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብቻ ቢሆን 15.5 ወይም 16 የተሻለ በሆነ ነበር።

ነዳጅ መስጫው እስከ መጨረሻ ሲረገጥ ሁኔታው ይለወጣል። አሁን የጉልበቱ ገደብ አየሩ ነው፤ ወደ ሲሊንደሩ ከገባው በላይ ኦክስጅን የለም። ትንሽ ትርፍ ነዳጅ ሲሰጥ ነዳጅ ሳያገኝ የሚቀር ኦክስጅን አይኖርም፣ እሳቱም ፈጥኖ ይዛመታል። ለዚህ ከፍተኛው ጉልበት የሚገኘው ከ12.5 እስከ 13.2 ባለው ክልል ነው። ትርፉ ነዳጅ በከፊል ተቃጥሎ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚሆን፣ ነዳጅ የበዛበትን ሞተር በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አስነስቶ መተው ሕይወት ያሳጣል።

ተርቦ ያለው ሞተር

ተርቦቻርጀር በጭሱ ኃይል እየዞረ አየርን ጨምቆ ወደ ሞተሩ ያስገባል። በባሕር ጠለል ላይ 1 ባር ጭማሪ ግፊት ማለት አየሩ በእጥፍ ገደማ ጨመረ ማለት ነው፤ ምጥጥኑ እንዳይዛባ ነዳጁም በእጥፍ መጨመር አለበት። አየሩ ሲጨመቅ ይሞቃል። ቃጠሎው ተጀምሮ እሳቱ ገና ያልደረሰበት የድብልቁ ክፍል በሙቀትና በግፊት ብዛት በራሱ ሊፈነዳ ይችላል፤ በእንግሊዝኛው «ኖክ» የሚባለው ማንኳኳት ይህ ነው። ፒስተንን የሚበሳው፣ የፒስተን ቀለበት የሚሰብረው በአብዛኛው እሱ ነው።

ስለዚህ የተርቦ ሞተሮች በሙሉ ግፊት ብዙውን ጊዜ ከ11.5 እስከ 12.5 ባለው ክልል ይስተካከላሉ። ትርፉ ነዳጅ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፣ የጭሱንም ሙቀት ቀንሶ ቫልቮቹንና ተርቦውን ያድናል። ይህ ከጉልበት ይልቅ ለማቀዝቀዝ የሚከፈል ነዳጅ ነው።

«አየር የበዛበት ድብልቅ ያሞቃል» የሚለው በየጋራዡ የሚሰማ አባባል በከፊል ብቻ እውነት ነው። የቃጠሎው ሙቀት ከፍተኛ የሚሆነው ከላምዳ 1 ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ ከዚያ በሁለቱም አቅጣጫ ይቀንሳል። አደጋው በ0.8 ላይ የተስተካከለ የተርቦ ሞተር ነዳጅ ሲያጥረው ወደ 0.95 መጠጋቱ፣ ማለትም ወደ ከፍተኛው ሙቀት መውጣቱ ነው።

ነዳጅ የሚያጥረው ብዙውን ጊዜ በኮምፒውተሩ ስህተት ሳይሆን በዕቃው አቅም ነው። 150 ኪሎዋት የሚሰጥ ባለ አራት ሲሊንደር የተርቦ ሞተር እንውሰድ። ለ1 ኪሎዋት-ሰዓት 360 ግራም ቢፈጅ በሰዓት 54 ኪሎ ግራም ቤንዚን ያስፈልገዋል፤ ለአንድ ኢንጀክተር 13.5 ኪሎ ግራም ነው። ኢንጀክተር ከጊዜው 80 በመቶ በላይ ተከፍቶ እንዲቆይ ስለማይመከር አቅሙ ቢያንስ 16.9 ኪሎ ግራም በሰዓት፣ ወይም በደቂቃ 375 ሚሊ ሊትር ገደማ መሆን አለበት። የፋብሪካውን ትንሽ ኢንጀክተር እንደያዘ ግፊት የተጨመረለት ሞተር በከተማ ውስጥ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ረጅም ዳገት ላይ በሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ ግን ኢንጀክተሩ ከዚያ በላይ ሊከፈት ስለማይችል ይሰበራል።

በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የነዳጅ ካርታ ከስሙ ይልቅ ቀላል ነገር ነው፦ አንዱ ጎን የሞተሩ ፍጥነት፣ ሌላው የአየር ግፊት የሆነ ባለ ሁለት አቅጣጫ ሠንጠረዥ። ኮምፒውተሩ በሁለት ሕዋሶች መካከል ላይ ሲሆን አማካይ ያሰላል። ጥንቁቅ አስተካካዮች ከፍተኛ ግፊት ያለባቸውን ሕዋሶች በበዛ ነዳጅና በዘገየ ብልጭታ ጀምረው ቀስ በቀስ ይቀንሳሉ። ቀድሞ የሚመጣ ብልጭታ የሚያመጣውን ማንኳኳት በነዳጅ ለመሸፈን መሞከር የተለመደ ቢሆንም መጥፎ ዘዴ ነው። ከ10 በታች ሲወርድ ደግሞ ካንዴላው በጥላሸት ይጠቁራል፣ ነዳጁም የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል።

የኦክስጅን ዳሳሽ

ምጥጥኑን በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ በመኪና ላይ የለም፤ የሚለካው በጭሱ ውስጥ የተረፈው ኦክስጅን ነው። ዳሳሹን ቦሽ ኩባንያ በ1976 እ.ኤ.አ. በቮልቮ መኪና ላይ ለገበያ አቀረበ። የተለመደው ዓይነት ነዳጅ ሲበዛ 0.9 ቮልት፣ አየር ሲበዛ 0.1 ቮልት ገደማ ይሰጣል። «በዝቷል» ወይም «አንሷል» ከማለት በቀር ስንት እንደሆነ አይናገርም፤ ለማስተካከል ሥራ ሰፊ ክልል የሚያነብ ዳሳሽ ያስፈልጋል።

እሱም ቢሆን ይሳሳታል። አንድ ሲሊንደር ብልጭታ ሲያጣ ነዳጁም ኦክስጅኑም ሳይቃጠሉ ይወጣሉ። ዳሳሹ ኦክስጅኑን አይቶ «ነዳጅ አንሷል» ይላል፤ ኮምፒውተሩም አላስፈላጊ ነዳጅ ይጨምራል። ከዳሳሹ በፊት ያለ የጭስ ቱቦ ቢሰነጠቅም ውጤቱ ያው ነው። ከሁሉ የከፋው አማካዩ የሚደብቀው ነው፦ ሦስት ሲሊንደሮች 0.82 ላይ ሆነው የአንዱ ኢንጀክተር ቆሽሾ 1.0 ላይ ቢገኝ፣ መለኪያው 0.86 የሚል የሚያስደስት ቁጥር ያሳያል። ስለዚህ ካንዴላዎችን አንድ በአንድ ፈትቶ ቀለማቸውን ማየት ዛሬም ጊዜው አላለፈበትም።

ከፍታ

በአዲስ አበባ (2,355 ሜትር ገደማ) የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኢንጀክተር ያለው መኪና አየሩን ለክቶ ነዳጁን ይቀንሳል። ካርቡራተር ግን ነዳጅ የሚስበው በአየሩ ፍሰት ስለሆነ አየሩ የሳሳውን ያህል ነዳጁን አይቀንስም፤ በባሕር ጠለል በ14.7 የተስተካከለ ካርቡራተር በአዲስ አበባ ወደ 13 ይወርዳል። በተቃራኒው ለአዲስ አበባ የተስተካከለ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ሳይነካ ጅቡቲ ቢወርድ 16.5 ገደማ ይሆናል፤ ይንገጫገጫል፣ ጉልበትም ያጣል። ተርቦ የከፍታን ጉዳት በከፊል ያካክሳል፤ ሆኖም በአዲስ አበባ መለኪያው 1 ባር ጭማሪ ሲያሳይ በሞተሩ ውስጥ ያለው ጠቅላላ ግፊት 2 ሳይሆን 1.76 ባር ያህል ነው።

የናፍጣ ሞተር

ከላይ የተባለው ለናፍጣ ሞተር አይሠራም። ናፍጣ ብልጭታ አይፈልግም፤ አየሩም በነፃ ስለሚገባ ጉልበቱ የሚወሰነው በነዳጁ መጠን ብቻ ነው። በሚኒሞ ምጥጥኑ ከ60 ሊበልጥ ይችላል፤ በሙሉ ጉልበትም አብዛኛውን ጊዜ ከ18 በታች አይወርድም። ከዚያ ሲያልፍ ጥቁር ጭስ ይታያል። እዚህ የሚያቃጥለው ትርፍ አየር ሳይሆን ትርፍ ነዳጅ ነው፦ የናፍጣ ፓምፑ ከልክ በላይ የተከፈተ ሚኒባስ ዳገት ላይ ጥቁር ጭስ ሲተፋ፣ ተርቦውና ፒስተኖቹም ከመጠን በላይ እየጋሉ ነው።