ፀሐፌ ትዕዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ማን ነበሩ?

ከሳር ቤት ታክሲ ይዛችሁ ወደ ሜክሲኮ ስትሄዱ የአፍሪካ ህብረትን ህንፃ ታልፋላችሁ። ቦታው ላይ በፊት ምን ነበር? ከርቸሌ። "ዓለም በቃኝ" የሚባለው እስር ቤት የነበረው እዚያ ነው። ኢትዮጵያን ወደ 13 ዓመት በጠቅላይ ሚኒስትርነት ያገለገሉት አክሊሉ ሀብተወልድ የተረሸኑትም እዚያው ነው። ዛሬ የእሳቸውን ታሪክ ባጭሩ ይዘንላችሁ መጥተናል።

ልጅነትና ትምህርት

አክሊሉ የተወለዱት በ1904 ዓ.ም. ነው። አባታቸው የቡልጋ ሰው፣ ካህን ነበሩ። ከመሳፍንት ወገን አይደሉም፤ ከፍ ያደረጋቸው ትምህርት ነው። መጀመሪያ ግብፅ፣ እስክንድርያ በሚገኘው የፈረንሳይ ሊሴ፣ ቀጥሎ ፓሪስ፣ ሶርቦን ተማሩ። ጣሊያን አገራችንን ሲወር እዚያው ፈረንሳይ ሆነው ስለ ኢትዮጵያ ተሟገቱ።

ዲፕሎማቱ

ከድል በኋላ ወደ አገር ተመልሰው ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገቡ። በ1937 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ ላይ የተባበሩት መንግሥታትን ቻርተር ለኢትዮጵያ ከፈረሙት አንዱ ናቸው። ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር እንድትቀላቀል በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ለዓመታት የተከራከሩትም እሳቸው ነበሩ። ውጤቱ በ1945 ዓ.ም. የጀመረው ፌዴሬሽን ነው። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ሲፈርስም ጠቅላይ ሚኒስትሩ እሳቸው ነበሩ። የ30 ዓመቱን ጦርነት ታሪክ የሚያነብ ሰው ይሄን ስም መዝለል አይችልም።

ጠቅላይ ሚኒስትርነት

በታህሳስ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ወንድማቸው መኮንን ሀብተወልድ ተገደሉ። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ፣ አክሊሉ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ።

እዚህ ጋ ግን ቆም እንበል። ዛሬ "ጠቅላይ ሚኒስትር" ስንባል ሥልጣኑን ሁሉ የያዘ ሰው ነው የሚመጣብን። ያኔ እንደዛ አልነበረም። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ ናቸው። ፓርቲ የሚባል ነገር የለም። በ1958 ዓ.ም. አክሊሉ ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው፤ የመጨረሻው ቃል ግን ያው የጃንሆይ ነበር።

ይሄ ማለት ተጠያቂነት የለባቸውም ማለት አይደለም። ተማሪው "መሬት ለአራሹ" እያለ አደባባይ ሲወጣ የመሬት ጥያቄው አልተመለሰም። የወሎ ረሃብ ሰው ሲጨርስም መንግሥታቸው ነገሩን ሸፋፈነ።

ውድቀት

በየካቲት 1966 ዓ.ም. አስተማሪው፣ ታክሲ ነጂው፣ ተማሪው፣ ወታደሩ፣ ሁሉም ተነሳ። የአክሊሉ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ፤ ቦታውን ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ያዙ። ብዙም ሳይቆይ አክሊሉ ታሰሩ። የቀድሞ ባለሥልጣናትን የሚመረምር ኮሚሽንም ተቋቋመ። አክሊሉ የሥራ ዘመናቸውን ታሪክ እስር ላይ ሆነው ጻፉ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ "የአክሊሉ ማስታወሻ" ተብሎ ታትሟል።

ግን ፍርድ ቤት አልቀረቡም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደርግ ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ረሸናቸው። ወንድማቸው አካለወርቅና እሳቸውን የተኩት እንዳልካቸውም አብረው ነበሩ። በማግስቱ ሬዲዮ የ60 ሰው ሞት አወጀ፤ ደርግ "ፖለቲካዊ ውሳኔ" አለው። በቃ፣ ክስ የለ፣ ጠበቃ የለ፣ ይግባኝ የለ።

ጥፋተኛ ነበሩ ወይስ አልነበሩም? ስለ ወሎም ስለ ኤርትራም በችሎት ቢጠየቁ ኖሮ መልሱን ዛሬ ከመዝገብ እናነበው ነበር። የተረሸነው እሳቸው ብቻ ሳይሆኑ መልሱም ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ የሟቾቹ አፅም ከከርቸሌ ወጥቶ በመንበረ ፀባኦት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል። አራት ኪሎ ከሄዳችሁ ግቡና ሐውልቱን እዩት።