ያልተጠራው ምስክር

ነገሩ የተጀመረው አትላንታ፣ ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ ነው። ባሊ ፑሌንድራን የሚባሉ ተመራማሪ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኢንፍሉዌንዛ የተከተቡ ሰዎችን ደም ይመረምራሉ። ብዙ አንቲቦዲ (የሰውነት በሽታ ተከላካይ) የሚያመርተው ማን እንደሆነ ገና በሳምንቱ ከደሙ ይታወቅ ይሆን? እ.ኤ.አ. በ2011 ከጠቋሚዎቹ ጂኖች መካከል አንድ ያልተጠበቀ ብቅ አለ፤ ቲኤልአር 5።

ምኑ ገረማቸው? ቲኤልአር 5 ለይቶ የሚያውቀው ባክቴሪያ የሚዋኝበትን ጭራ ነው። ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ቫይረስ ነው፤ በክትባቱም ውስጥ ባክቴሪያ የለም። ታዲያ ይሄ ከየት መጣ?

ከአንጀት ባክቴሪያ ነዋ! አሉና ወደ አይጦች ሄዱ። ቲኤልአር 5 የሌላቸው አይጦች ሲከተቡ አንቲቦዲያቸው አነሰ። አንጀታቸው በአንቲባዮቲክ የተጠረገውም እንደዚያው። አንጀታቸው ለተጠረገው ጭራ ያለው ባክቴሪያ ሲሰጣቸው አንቲቦዲው አንሰራራ፤ ጭራ የሌለው ሲሰጣቸው ግን ወይ ፍንክች! ይህ በ2014 ታተመ።

ሰውስ? ጥያቄው ወደ ሰው ተሻገረ። 22 ጤነኛ ፈቃደኞች ተከተቡ፤ ግማሾቹ በክትባቱ ሰሞን ለ5 ቀን ጠንካራ አንቲባዮቲክ ዋጡ። የአንጀት ባክቴሪያቸው ብዛት በ10,000 እጥፍ ወረደ። አንቲቦዲውስ? እምብዛም አልተነካም!

ተስፋ ቆረጡ? የለም። እነዚህ ሰዎች ኢንፍሉዌንዛን ቀድሞም ያውቁታል፤ ደማቸው አልረሳውም። እንግዲያው በቅርብ ዓመታት ያልታመሙ፣ ያልተከተቡም 11 ሰዎች ተፈለጉ። አሁን ታየ፤ አንቲባዮቲክ የወሰዱት ኤች1ኤን1 ለተባለው የኢንፍሉዌንዛ ዝርያ የሰጡት ምላሽ ደከመ። ውጤቱ በ2019 ወጣ። በእርግጥ 33 ሰው ሕግ አያወጣም፤ መንገዱን ግን ያሳያል። አንጀት ይበልጥ የሚፈለገው ሰውነት ጠላቱን ገና ሲተዋወቅ ነው።

ለበሽታ ሁሉ አዲስ የሆነው ማነው? ሕፃን! በ2025 ከአውስትራሊያ የ191 ሕፃናት ወሬ መጣ። በተወለዱ ሰሞን በቀጥታ አንቲባዮቲክ የተሰጣቸው፣ በ7 ወራቸው ለኒሞኮካል ክትባት የነበራቸው አንቲቦዲ ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። አንጀታቸው ውስጥ ቢፊዶባክቴሪየም የተባለው ባክቴሪያም አንሶ ነበር።

መድኃኒቱ ይቅር እንዳይባል፣ ስንቱን ጨቅላ ከሞት አትርፏል! ክትባቱም ይቅር አይባልም፤ ደከም ያለ ምላሽም ከባዶ ይሻላል። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ባክቴሪያውን መመለሱን ተያያዙት፤ በአይጦች ላይ ሲሞክሩት የክትባቱ ምላሽ ተሻሻለ። ቀጣዩ ፈተና ሕፃናት ላይ ነው።